ሁለቱ ዳርቶች

ውቢት ወገኔ የግቢያቸውን የቆርቆሮ በር ለመጨረሻ ጊዜ ካለፈች አሥራ ሦስት ቀን ሆናት። በሩ አልተቆለፈም። ቢቆለፍ ይሻላት ነበር፤ የተቆለፈ በር ቁልፍ አለው፤ ቁልፍ ደግሞ ይሰረቃል። እሷን የያዟት ግን በረንዳው ላይ፣ ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡት አባቷ ናቸው። አቶ ወገኔ ሠላሳ ዓመት በዳኝነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። አይጮሁም፤ አይማቱም። «የት ነው?» ብለው ቀና ሲሉ ግን ከበሩ የደረሰ ይመለሳል።

ውቢት በቆሰበር ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። ሰኔ ገብቶ ትምህርት ስለተዘጋ፣ ለመውጣት የምታቀርበው ሰበብ እንኳ አልቀረላትም። ስልኳን እናቷ ወይዘሮ ደጊቱ ተቀብለው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ውጭው ደግሞ የቆሰበር ክረምት ነው። ጭጋጉ ማለዳ ከወረደ እስከ ቀትር አይነሣም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው እንኳ አይደማመጥም። ውቢት መስኮቱ አጠገብ ቆማ ትውላለች። የምታየው ግን የራሷን ትንፋሽ ነው፤ መስተዋቱን ሸፍኖታል።

ጥፋቷ አንድ ነው። ወደደች።

ነገሩ የጀመረው በታኅሣሥ 2011 ነው። በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አየች። «ስለ ዳርት ገለጻ ይደረጋል፤ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት» ይላል። ልቧ ዘለለ። ዳርት ማለት ለእሷ አንድ ነገር ብቻ ነበረች፤ አሜሪካኖች ከጥቂት ዓመት በኋላ ሊያመጥቋት ያሰቧት፣ ከአንድ የጠፈር አለት ጋር ሆን ብላ የምትላተም መንኮራኩር። ስለ እሷ ለተማሪዎቿ ስታወራ ከርማለች። በዚህ ከተማ ይህን የሚያወራ ሌላ ሰው ይኖራል ብላ ግን አስባ አታውቅም።

ገብታ ከፊት ተቀመጠች። ገላጩ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ወጣት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ኮድ፣ ስለ ስልክ፣ ስለ አፕሊኬሽን ተናገረ። ውቢት አሁን ይደርስበታል፣ አሁን ይደርስበታል እያለች ጠበቀች። «ጥያቄ ያለው?» ሲል እጇን አወጣች።

«አለቱን የምትመታው መቼ ነው?»

«ማን?»

«ዳርት ናታ!»

ወጣቱ ዞሮ ሰሌዳውን አየ፤ መልሶ እሷን አየ።

«እኔ የማወራው ስለ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አፕሊኬሽኑን አንድ ጊዜ ትጽፊዋለሽ፤ በአንድሮይድም በአይፎንም ይሠራል። የኔው ዳርት… አለት አይመታም።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሱ ግን አልሳቀም። ሰዉ እስኪወጣ ጠብቆ፣ ፊቷ በእፍረት እንደቀላ ደጅ ላይ ደረሰባት። «ያንቺኛዋን ዳርት ንገሪኝ እስቲ» አላት። ነገረችው። ሲለያዩ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር።

ስሙ ይኸነው ነው፤ የዘንገና ልጅ። አፉን የፈታው በአዊኛ፣ ቀለም የቆጠረው በአማርኛ። የሚሠራው አፕሊኬሽን ለነፍሰ ጡር እናቶች ነው፤ የትኛው ሕመም አደገኛ እንደሆነ፣ መቼ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ እንዳለባቸው በሁለቱም ቋንቋ የሚናገር። ታላቅ እህቱ እመቤት በወሊድ ነው የሞተችው፤ ነርሷ በአማርኛ የነገረቻትን በደንብ ሳትረዳው ቀርታ። ይህን ሲነግራት ድምፁ አልተሰበረም፤ እጁ ግን ኪሱ ውስጥ ሲጨበጥ አየችው። ያን ቀን ነው የወደደችው።

በሚያዝያ አንድ እሑድ ወደ ዘንገና ሐይቅ ይዟት ሄደ። ከገደሉ አፋፍ ቆመው ክብ ሆኖ የተኛውን ውሃ ቁልቁል እያዩ፣ «ይኼንንስ አለት መትቶት ይሆን?» አላት።

«የለም፤ ይኼ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ዳርት የምትመታው አለት እዚህ ቢወድቅ ውሃው መሐል ገብቶ ዳር ዳሩ ይተርፋል፤ ያን ያህል ትንሽ ነው።»

«እና ትሰብረዋለች?»

«አትሰብረውም። ያ አለት ሌላ ትልቅ አለት ይዞራል። ትገጨውና የሚዞርበትን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ታዛንፈዋለች፤ በቃ። የአሁኑ ለሙከራ ነው፤ ምድርን የሚያሰጋ አይደለም። የሚያሰጋ የመጣ ቀን ግን ቀደም ብለው ከደረሱበት ትንሽ ግፊያ ትበቃለች። ከዓመታት በኋላ መንገዱ ሌላ ይሆናል።»

ይኸነው ሐይቁን አላየም፤ ያየው እሷን ነው። ውቢት ዐይኗን ወደ ውሃው መለሰች፤ ጆሮዋ ግን ጋለ።

«እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት» አለ በድንገት። «መመለስ ከፈለግሽ መንገዱን አሳይሻለሁ።»

በዚያ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሸክላ ሠሪ ድስት ይገዛል፤ ለልጇ ግን ልጅ አይሰጥም። ድስቷ ምድጃ ላይ ይጣዳል፤ እሷ ከደጅ አታልፍም።

«መንገዱን አውቀዋለሁ» አለችው ውቢት። ካለችበት አልተነቃነቀችም።

ሰኔ እንደገባ ይኸነው አንድ ቅዳሜ ቤታቸው መጥቶ ከአባቷ ፊት ሊቆም ቆረጠ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን ወሬው ቀድሞት ደረሰ፤ ዘንገና ላይ ያያቸው ሰው ነበር። ውቢት የአባቷን ፊት ስታይ ደንግጣ ስልኳን አነሣችና «አትምጣ» ብላ ላከች። ወዲያው ሁለተኛውን ጻፈች፤ «አባቴ ሰምተዋል፤ እስኪበርዱ ጠብቀኝ። እሑድ እኔ ራሴ ወደ እናትህ ቤት እመጣለሁ።» ሳትልከው መብረቁ ጮኸ፤ መብራት ሄደ፤ ኔትወርኩም አብሮ ሄደ። ኔትወርኩ ሳይመለስ ስልኩ ከእጇ ወጣ።

እንግዲህ ለይኸነው የደረሰችው ያቺ አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ወዲያ ዝምታ።

በዚህ መሐል አቶ ወገኔ ለዳንግላ ሰዎች ቃል ልከዋል። ውቢትን ለትዳር የጠየቀ ኪዳኑ የሚባል መሐንዲስ አለ፤ ከጨዋ ቤት የተወለደ። የፊታችን እሑድ ሽማግሌዎቹ ቁርጡን ሊሰሙ ይመጣሉ። ውቢት ኪዳኑን ሁለት ጊዜ አይታዋለች፤ ትሑት ሰው ነው። ያስጨነቃትም ይኼው ነው። እንከን ቢኖረው እንከኑን ይዛ ትከራከር ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከደጅ የሸክላ ሻጭ ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ደጊቱ ጓዳ ነበሩ፤ አቶ ወገኔም ልብስ ሊቀይሩ ገብተው ነበርና ውቢት ወጣች። በሩ ላይ ላስቲክ የተከናነቡ አጭር ሴት ቆመዋል፤ ጀርባቸው ላይ በገመድ የታሰረ የድስት ክምር። ቀና ሲሉ ውቢት ደርቃ ቀረች። ዐይኖቻቸው የይኸነው ናቸው።

«ያለምወርቅ እባላለሁ» አሉ ሴትዮዋ በሹክሹክታ፤ አንዱን ድስት አቀበሏት። «ውስጡን እዪው።»

ውስጡ የታጠፈ ወረቀት አለ።

«እማማ…»

«ልጄን ጠልተሽው ከሆነ እንኳን እኔ አንቺም ልብሽን አታዥውም። ብቻ ቁርጡን ንገሪው። እህል አልቀምስ ብሎኛል።» ይህን ብለው ሸክማቸውን አስተካከሉና በጭጋጉ ውስጥ ወረዱ። ውቢት ትጠራቸው ዘንድ አፏን ከፈተች፤ በረንዳው ላይ የአባቷ ኮቴ ተሰማ፤ አፏን ዘጋች። የተዘጋው አፏ አቃጠላት።

ደብዳቤው እንዲህ ይል ነበር፦

«ውቢት፣

ደብዳቤ አልችልበትም። እኔ የምችለው ኮድ ነው። እዚያ ስሕተት ሲኖር በየትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ማሽኑ ራሱ ይነግርሻል። አንቺ ግን ‹አትምጣ› አልሽና ዝም አልሽ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ የተሳሳትኩበትን መስመር ስፈልግ ሰነበትኩ። የማገኘው አንድ ብቻ ነው፤ የእናቴን እጅ። የእናቴ እጅ ጭቃ ነው፤ እኔም ቀለም የቆጠርኩት በዚያ ጭቃ ነው። እሱን ማረም አልችልም። ብችልም አላርመውም።

አፕሊኬሽኑ አለቀ። የእመቤትን ስም ሰጠሁት። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት አይቶት ሥራ ሰጥቶኛል። ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓቱ ሚኒባስ ባሕር ዳር እሄዳለሁ፤ ከዚያ በአውሮፕላን። እንድትመጪ አልጠይቅሽም። አንድ ጊዜ የጻፍኩት ነገር በሁለት ዓይነት ስልክ ላይ ይሠራል፤ ሁለት ቤት የሚቀበለው አንድ ፍቅር እንዴት እንደሚጻፍ ግን አላወቅኩበትም።

ደህና ሁኚ።

ይኸነው»

ውቢት ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆመች። «አፈርኩብሽ» ብሎ ቢሰድባት ይቀላት ነበር። እሱ ግን ያሰበው እሷ እንዳፈረችበት ነው።

ወደ በረንዳው ወጣች።

«አባባ፣ ኪዳኑን አላገባም።»

አቶ ወገኔ ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ ሰበሰቡ። «ያ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ፈረድሁ። ሰው በዘሩ እንዳይናቅ የጻፍሁት ፍርድ መዝገብ ቤት ሞልቶ ተቀምጧል።»

«ታዲያ?»

«ያ ወንበሩ ላይ ነው! ወንበሩን ለቅቄአለሁ። አሁን የምኖረው ከሰው ጋር ነው። ስሞት የሚቀብረኝ መዝገብ ቤቱ አይደለም፤ ዕድር ነው። በየትኛው ፊቴ ነው ከሰው መሐል የምቀመጥ?»

«እኔስ አባባ? እኔስ ከማን ጋር ነው የምኖረው?»

አቶ ወገኔ ብድግ ብለው ደረጃውን ወረዱና ከዝናቡ ገቡ። ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አነሡ፤ ማጅራታቸው ላይ አስቀመጡት፤ መጥተውም ከቆመችበት ደረጃ ሥር፣ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው። በዚያ አገር ድንጋይ ተሸክሞ የሚንበረከክ ደም ያፈሰሰ ሰው ነው፤ የበደለ፣ ማሩኝ የሚል። አባት ለልጁ ሲንበረከክ ግን ታይቶ አይታወቅም።

«ምን እያደረጉ ነው! ይነሡ!» ጮኸች። ድንጋዩን ልትወስድ ታገለች፤ ጣቶቻቸው አልለቀቁም።

«እሺ በይኝ። ያን ጊዜ አወርደዋለሁ።» የዝናቡ ውሃ በሽበታቸው ላይ ይወርድ ነበር። ዕንባም ይኑርበት አይኑርበት አልለየችም።

«እሺ!» አለች ውቢት። «እሺ አባባ፣ እሺ፣ እሺ፣ ይነሡልኝ!»

ተነሡ። ለሁለት ሳምንት ገደማ ያልተቆለፈው በር ያን ጊዜ ተቆለፈ፤ የቆለፈችውም እሷው ናት፣ በገዛ አፏ።

ዓርብን አልጋ ላይ ዋለች። ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ ደጊቱ በትንሽ ማዳበሪያ የታሰረ እህል ይዘው ገቡ።

«ተነሺ፤ ወፍጮ ቤት ሂጂ።»

«እማዬ፣ ከትናንት ወዲያ አስፈጭተሽ የለም እንዴ?»

«ወረፋው ረጅም ነው» አሉ እናቷ፣ ያልተጠየቁትን እየመለሱ። «ቶሎ አልመጣሽም ብዬ አልቆጣም።» ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ነጠላዋን አቀበሏት። «ትናንት ተኝተሽ ሳለ ከትራስሽ ሥር ደብዳቤውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሚኒባሱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ አይደል?»

ውቢት እናቷን አየቻቸው። በሃያ ስድስት ዓመቷ እንዲህ አይታቸው አታውቅም። አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ እሳቸው ግን ገፋ አደረጓት። «ሂጂ፤ ሳልፈራ ሂጂ።»

«የት ነው?» አሉ አቶ ወገኔ ከበረንዳው።

«ወፍጮ ቤት ነው፤ እኔ ነኝ የላክኋት» አሉ ወይዘሮ ደጊቱ።

መንገዱ ሲታጠፍ ውቢት ማዳበሪያውን ጎረቤት ደጅ ጥላ ሮጠች፤ ያገኘችው ባጃጅ ላይ ዘላ ወጣች። መናኸሪያ ስትደርስ ሚኒባሱ ሞልቶ ሞተሩ ተነሥቷል። ይኸነው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ያረጀ መሰላት።

«ይኸነው!»

አያት። ዐይኑ በራ፤ መልሶ ጠፋ። ወርዶ ከፊቷ ቆመ።

«ለምን መጣሽ? ‹አትምጣ› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«ሁለተኛው አልደረሰህም። ጽፌው ነበር፤ ኔትወርኩ ቀደመኝ። እስኪበርዱ ጠብቀኝ፣ እሑድ እኔ ወደ እናትህ እመጣለሁ ነበር የሚለው። ከዚያ ስልኩን ወሰዱብኝ። እኔ አላፈርኩብህም! እናትህን አየኋቸው፤ በስማቸው ልጠራቸው የከፈትኩትን አፌን የአባቴን ኮቴ ስሰማ ዘጋሁት። የማፍረው በዚያ ነው።»

ይኸነው በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ሲገልጠው ረጥቧል። «ነይ» አላት፤ እጇን ያዛት። «አሁን ነይ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ባሕር ዳር ደርሰን…»

«አልችልም።»

«ለምን?»

«አባቴ ድንጋይ ተሸክመው ተንበረከኩልኝ። ‹እሺ› አልኳቸው።»

እጇን ለቀቀው። በመካከላቸው ዝናቡ ብቻ ቀረ።

«ልትሰናበቺኝ ነዋ የመጣሽው።»

«አይደለም። እሺታዬን እመልሳለሁ። ግን ሸሽቼ አይደለም፤ ነገ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት። ዛሬ ካንተ ጋር ብጠፋ ‹ሸክላ ሠሪው ልጄን ሰረቀኝ› ይባላል፤ እስከ ልጅ ልጃችን ይባላል። አባቴን መስበር አልፈልግም፣ ይኸነው። መንገዳቸው ትንሽ እንዲዛነፍ ነው የምፈልገው። ጊዜ ይወስዳል።»

«ቢረግሙሽስ?»

«ተረግሜም ያንተው ነኝ።»

ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ይኸነው ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣ። «ያቺ መንኮራኩርሽ ከተነሣች በኋላ አለቱ ጋ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጅባታል?»

«ከዓመት በላይ።»

«እንግዲያው እጠብቃለሁ። ከዚያም በላይ ቢሆን እጠብቃለሁ።»

ሚኒባሱ ወደ ዳንግላ መንገድ ሲወጣ በመስኮቱ እጁን ዘረጋ፤ እሷም ጣቶቹን ይዛ ጥቂት ርምጃ ሮጠች። ሲለቃት፣ የሄደው እሱ ሆኖ ሳለ፣ መንገድ የጀመረችው እሷ ራሷ መሰላት። ከዚያ ጎረቤት ደጅ የጣለችውን ማዳበሪያ አንሥታ በወፍጮ ቤት በኩል ወደ ቤቷ ተመለሰች።

እሑድ አራት ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀመጡ። ማዕዱ ተሰናድቷል። ከመካከላቸው ትልቁ፣ ምህረቴ የሚባሉት ሽበታም፣ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ «ልጅቱ ፈቅዳለች?» ብለው ጠየቁ።

«ፈቅዳለች» አሉ አቶ ወገኔ።

ውቢት ከጓዳው በር ላይ ነበረች። ወደ ሳሎኑ ገባች። «አልፈቀድኩም» ስትል ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ሐሙስ ዕለት አባቴን ‹እሺ› ብያቸዋለሁ። ያልኩት ፈቅጄ አይደለም፤ ድንጋይ ተጭኗቸው ማየት ስላልቻልኩ ነው። ኪዳኑ ምንም አላጠፋም፤ እንዲህ በሉልኝ። ውሸት ተሸክሜ ቤቱ ብገባ ነበር የምበድለው።»

«ሌላ ሰው አለ?» አሉ አቶ ምህረቴ።

«አለ። የዘንገና ልጅ ነው። እናቱ ሸክላ ይሠራሉ።»

‹ይሠራሉ› ስትል ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀና አለ። ሸክላ ሠሪ በዚያ ሳሎን በአክብሮት ስትጠራ ያን ዕለት የመጀመሪያው ሳይሆን አልቀረም። አቶ ምህረቴ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ወገኔ፣ የፈቀደች ትዳራለች፤ የተንበረከኩላት አትዳርም። ይኼን አንተ ትነግረን ነበር።»

ማዕዱን ሳይቀምሱ ወጡ። የኮቴአቸው ድምፅ ሲርቅ አቶ ወገኔ ማንንም ሳያዩ ወደ በረንዳው ሄዱ። ወይዘሮ ደጊቱ ጓዳ ገብተው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

ውቢት ተከትላ ወጥታ ከደረጃው ላይ፣ ከእግራቸው ዝቅ ብላ ተቀመጠች። እርግማኑን ጠበቀች። የሚመጣውን ልትቀበል ትከሻዋን አጥብቃ ነበር። ዝናቡ እየቀነሰ ሄደ፤ ጭጋጉ አጥሩ ላይ ተንተራሰ። ሰዓት አለፈ። ልትነሣ ስትል ከኋላዋ የሻከረ ድምፅ ሰማች።

«እናቱን ማን ነው የሚሏት?»

መጀመሪያ አልገባትም። ዞራ አየቻቸው። የሚያዩት አጥሩን ነው።

«ያለምወርቅ» አለች። «ያለምወርቅ ይባላሉ፣ አባባ።»

አቶ ወገኔ ስሙን ደገሙት፤ ድምፅ አልነበረውም፣ ከንፈራቸው ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ይቅርታ አልነበረም፤ ምርቃትም አልነበረም። ውቢት ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ድረስ ሲወርድ ተሰማት፤ ፊቷን በጉልበቷ መሐል ደፍታም አለቀሰች፤ አባቷም «ተይ» አላሏትም።